ዕጣ የወጣለት ልጅና የጎረቤቱ ልጅ
ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ የቀረበ የግብረ ገብ ሐሳብ

ወላጅ ለልጁ ትምህርት ቤት ሲመርጥ የሚመርጠው ሕንፃና መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድግ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያስብ፣ ማንን «ወገኔ» ብሎ እንደሚጠራ ጭምር ይመርጣል። ልጁ ግን በምርጫው ላይ ድምፅ የለውም። የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው፤ የውሳኔውን ፍሬ ዕድሜ ልኩን የሚለቅመው እርሱ ነው። በዚህም ምክንያት የትምህርት ቤት ምርጫ የገንዘብ ወይም የአስተዳደር ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

ይህ ጥያቄ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ከከበቡት ከተሞች መካከል በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጎልቶ ይታያል። ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ናት። ቡራዩ በአምቦ መንገድ ከገፈርሳ ግድብ በቅርብ ርቀት ትገኛለች። ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ የተዘረጋች፣ በወተትና በሣር ድርቆሽ የምትታወቅ ደጋ ናት። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። ከኗሪዎቻቸው ብዙዎቹ ግን ገና ጎሕ ሲቀድ በአየር ጤና፣ በአስኮና በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ዋና ከተማዪቱ ይጎርፋሉ። ከሠራተኛውና ከነጋዴው መካከል ቦርሳቸውን ያዘሉ፣ የደንብ ልብስ የለበሱ፣ እንቅልፋቸውን ያልጨረሱ ሕፃናት አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሚጓዙት በመሀል ከተማ ወደሚገኙት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ነው።

ነገሩን አስደናቂ የሚያደርገው አንድ እውነት አለ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የካቶሊክ እምነት ተከታዮች ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የእነዚህን ትምህርት ቤቶች ደጅ የሚጠናው ወላጅ እንግዲህ በአብዛኛው የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንት ወይም የእስልምና እምነት ተከታይ ነው። ወላጁ የሚፈልገው ሃይማኖቱን አይደለም። የሚፈልገው መምህሩ በሰዓቱ የሚገኝበትን፣ ደብተሩ የሚታረምበትን፣ ልጁ ሥርዓት የሚይዝበትን ቤት ነው። ዛፉን ሳይሆን ፍሬውን ይሻል ማለት ነው። ፍሬውን ሽቶ ዛፉን አለመጠየቅ ይቻላልን? ፍሬው ለአንዱ ደርሶ ለሌላው ሳይደርስ ሲቀርስ የደረሰው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ የቡራዩ ቤተ ሰብ ይታሰብ። አባወራው በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ በሰፈራቸው አነስተኛ ሱቅ አላት። በቤታቸው ሁለት የአራት ዓመት ወንዶች ልጆች አሉ። አንዱ ከአብራካቸው የተከፈለ ነው። ሁለተኛው እናትና አባቱ የሞቱበት የዘመድ ልጅ ሲሆን፣ በኦሮሞ ባህል መሠረት በጉዲፈቻ ተቀብለው የሚያሳድጉት ነው። ሁለቱም ከአንድ መሶብ ይበላሉ፤ በአንድ አልጋ ይተኛሉ። አባትየው ሁለቱንም በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ለመዋዕለ ሕፃናት አስመዘገበ። አመልካቹ ከቦታው በእጅጉ ስለ በዛ ትምህርት ቤቱ ዕጣ አወጣ። ዕጣውም ለአንዱ ብቻ ደረሰ፤ የደረሰው ለጉዲፈቻው ልጅ ነው።

በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባው፣ «ዕጣው የወጣው ለቤትህ ነው፤ የትኛው ልጅ እንደሚገባ የቤትህ ጉዳይ ነው። እኩዮች ናቸው፤ ስማቸውን ማለዋወጥ ምን ይከብዳል?» አለው። አባትየው መልስ ሳይሰጥ ዝም አለ። ዝም ያለው ሐሳቡ ስላስቀየመው አልነበረም፤ ሐሳቡ አስቀድሞ በገዛ ልቡ ውስጥ ስለ ነበረ ነው። ያን ምሽት ሊመዝናቸው የሚገቡት ነገሮች አራት ናቸው።

፩. ዋጋው

በመጀመሪያ የሚነሣው የገንዘብ ጥያቄ ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ክፍያ ለትርፍ ከተቋቋሙት የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ብዙውን ጊዜ ዝቅ የሚል መሆኑ ለዝናቸው አንዱ ምክንያት ነው። ሆኖም ወላጅ የሚከፍለው በደረሰኝ የሚቆረጥለትን ብቻ አይደለም። የደንብ ልብስ አለ፤ መጻሕፍት አሉ፤ ምሳ ዕቃ አለ፤ ከከተማ ዳር ለሚመጣው ደግሞ በየማለዳውና በየማታው ሁለት ታክሲ ወይም የሰርቪስ መኪና ኪራይ አለ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን በደረሰኝ የማይጻፈው ዋጋ ነው። ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ የሚነሣ ልጅ በጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ በማታም ያንኑ ያህል በመንገድ ላይ ያጠፋል እንበል። በቀን 3 ሰዓት ይሆናል። የትምህርቱ ዘመን በዓመት 200 ቀን ቢቆጠር 600 ሰዓት ነው። በ12 ዓመት 7,200 ሰዓት ይሞላል፤ ይህም ሌትና ቀኑ ተደምሮ 300 ሙሉ ቀን ነው። አንድ ልጅ ከልጅነቱ ላይ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ጊዜ በታክሲ ወንበር ላይ ያሳልፋል ማለት ነው። ያ ጊዜ የእንቅልፍ፣ የጨዋታ፣ ከአያት አጠገብ ተቀምጦ ተረት የመስሚያ ጊዜ ነበር። ይህን ዋጋ የሚከፍለው ወላጁ ሳይሆን ልጁ ነው። ስለሆነም ወላጅ «ለልጄ ስል ከፈልሁ» ከማለቱ በፊት ልጁ ለወላጁ ምኞት ሲል የከፈለውን ሊቆጥርለት ይገባል።

የትምህርትን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገር አገር ሲዞር ለመምህሩ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። የሚመግበው በየደጁ ቁራሽ የሚሰጠው ገበሬ ነበር። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች የእስልምናን ትምህርት ፍለጋ ከቀዬው ርቆ የሚሄደውን ደረሳ ያኖረውም እንዲሁ የመንደሩ ሰው ነው። የዚያ ሥርዓት ጉድለት ብዙ ነበር፤ ልጆች በረሃብና በውሻ ተሰቃይተውበታል፤ ለሴቶች ልጆችም በሩ የጠበበ ነበር። ነገር ግን አንድ ታላቅ ቁም ነገር በውስጡ ነበረ፤ የማይታወቅ ልጅ ትምህርት የማይታወቅ ሰው ዕዳ መሆኑ ታምኖበት ነበር።

የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም መነሻ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት የደ ላ ሳል ወንድሞች ማኅበር አባላት ናቸው። የማኅበሩ መሥራች ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል (1651–1719 እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ አገር፣ በሬምስ ከተማ፣ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ የተወለደ ካህን ነበር። ለእጅ ሠራተኞችና ለድሆች ልጆች ያለ ክፍያ የሚያስተምሩ መምህራንን ሰብስቦ አደራጀ። በ1683ና በ1684 እ.ኤ.አ. በወረደው ረሃብ ጊዜም ያለውን ሀብት ለተራቡት አከፋፍሎ እርሱ ራሱ ከመምህራኑ ጋር በድህነት ኖረ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የዛሬ ወላጅ የሚያደንቀው ሥርዓት በክፍያ የተሠራ አይደለም። ጎጆ መውጣትን ትተው፣ የግል ሀብት ማካበትን ትተው ዕድሜያቸውን ለሰው ልጅ ያዋሉ ወንዶችና ሴቶች ያቆዩት ነው፤ ከእነርሱም ጋር በመጠነኛ ደመወዝ ዘመናቸውን የጨረሱ ኢትዮጵያውያን መምህራን አሉበት። ክፍያውን የፈጸመ ወላጅ የኖራውንና የጠመኔውን ዋጋ ከፍሎ ይሆናል። የሥርዓቱን ዋጋ ግን አልከፈለም፤ ሊከፍለውም አይችልም። የመጀመሪያው ዕዳ ይህ ነው።

፪. ደጁ

ሁለተኛው ጥያቄ የመግቢያው ጥያቄ ነው። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በሆነበት ስፍራ ሁሉ ማን ይግባ ብሎ መወሰን ግድ ይሆናል። ለዚህም በልማድ የሚታወቁት መንገዶች ወረፋ፣ ፈተናና ዕጣ ናቸው። አራተኛም አለ፤ እርሱ ግን ዘመድና አማላጅ ስለሆነ በአደባባይ አይነገርም።

ወረፋ ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል፤ የቀደመ ይግባ ማለት ነውና። ነገር ግን በሌሊት ብርድ ተሰልፎ ለማደር የሚችለው ማን ነው? በማታ ፈረቃ የሚሠራው የሰበታ የፋብሪካ ሠራተኛ አይችልም። ከንጋቱ በፊት ላሞቿን ማለብ ያለባት የሱሉልታ እናት አትችልም። ገንዘብ ያለው ግን ሌላ ሰው ቀጥሮ ያሰልፋል። እኩል የሚመስለው ሰልፍ እኩል ያልሆነውን ኑሮ ይደብቃል።

ፈተናም እንዲሁ ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃን በፈተና ሲመዘን የሚመዘነው ሕፃኑ አይደለም፤ ቤቱ ነው። መጽሐፍ ባለበት ቤት ያደገው ያልፋል፤ እናቱ ማንበብ የማትችለው ይወድቃል። በኢጣሊያ አገር፣ በፍሎረንስ አቅራቢያ ባለች ባርቢያና በምትባል ተራራማ መንደር፣ ዶን ሎሬንዞ ሚላኒ የተባለ የካቶሊክ ካህን ይህንን ነገር ገልብጦት ነበር። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ጥለው ያባረሯቸውን የገበሬ ልጆች ሰብስቦ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹም በ1967 እ.ኤ.አ. ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ አድርገው ያሳተሙት መጽሐፍ የአገሪቱን የትምህርት ሥርዓት አወዛውዞአል። መልካም ትምህርት ቤት የሚባለው የተዘጋጀውን ልጅ የሚመርጥ ነው ወይስ ያልተዘጋጀውን የሚያዘጋጅ የሚለው ጥያቄ ከባርቢያና እስከ ቡራዩ ያው ነው።

ዕጣ ከሦስቱ ይሻላል፤ ፊት አያይም፤ ኪስ አይዳብስም። ሐዋርያትም በይሁዳ ቦታ የሚተካውን ሲመርጡ ለማትያስና ለዮስጦስ ዕጣ እንደ ተጣጣሉ ተጽፎአል። የኢትዮጵያ ሰው ዕጣን ይበልጥ የሚያውቀው ግን በዕቁብ ነው፤ በዕቁቡና በትምህርት ቤቱ ዕጣ መካከልም አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የዕቁብ ዕጣ የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው። ማንም ሳይደርሰው አይቀርም፤ ዛሬ የደረሰውም ሰው ለመጨረሻው አባል እስኪደርስ ድረስ መክፈሉን አያቆምም። ገንዘቡን ወስዶ የጠፋ ሰው በሰፈሩ ስሙ አይነሣም። የትምህርት ቤት ዕጣ ግን ማን እንደሚያገኝና ማን ፈጽሞ እንደሚያጣ ይወስናል። ዕጣው የወጣለትም ወላጅ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ለቀሩት የሚከፍለው እንዳለ የሚነግረው የለም። በዕቁብ ነውር የሆነው ነገር እዚህ እንደ መልካም ዕድል ይቆጠራል።

አሁን ወደ ቡራዩው አባት መመለስ ይቻላል። ባልደረባው «ዕጣው የወጣው ለቤትህ ነው» ማለቱ ብልሃት ይመስላል፤ ግን ሐሰት ነው። ዕጣ ፈንታ የሚለው ቃል ራሱ እንደሚያመለክተው ዕጣ የአንድ ሰው ድርሻ ነው። በዕጣው ሣጥን ውስጥ የገቡት ሁለት ስሞች እንጂ አንድ ቤት አልነበረም። ስሙን መለወጥ የሕፃኑን ድርሻ የአሳዳጊው ንብረት ማድረግ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። በጉዲፈቻ ሥርዓት የተቀበሉት ልጅ እንደ ተወለደ ይቆጠራል። ይህ ቃል ቀላል የሚሆነው የሚካፈሉት ነገር እንጀራ ሲሆን ነው፤ እንጀራ ይቆረሳል። ቃሉ የሚፈተነው የማይቆረስ ነገር የመጣ ዕለት ነው። በዚያን ዕለት «አንተም ልጄ ነህ፤ ግን ይህ ለልጄ ነው» ያለ አባት ያለፉትን ዓመታት ሁሉ ሐሰት ያደርጋቸዋል። ልጆቹም ቢሆኑ ከዚያ በኋላ የሚኖሩት ኑሮ ሊታሰብ ይገባል። በየማለዳው መምህሩ ስም ሲጠራ አንደኛው በወንድሙ ስም «አቤት» ይላል፤ ሌላው በሰፈሩ ትምህርት ቤት በወንድሙ ስም እጁን ያነሣል። 12 ዓመት ሙሉ! ሥርዓት እንዲማር ወደ መልካም ትምህርት ቤት የተላከ ልጅ በየቀኑ የሚማረው የመጀመሪያው ትምህርት ውሸት ይሆናል።

፫. እንግድነቱ

ሦስተኛው ጥያቄ ከገባ በኋላ የሚመጣው ነው። ልጁ በዚያ ቤት እንግዳ ነው ወይስ ቤተኛ?

የእምነቱ ነገር በኢትዮጵያ ረጅም ትዝታ አለው። አፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ መቀበላቸው አገሪቱን ወደ እርስ በርስ ጦርነት መርቷታል። በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቅቀዋል፤ የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንም ከአገር ተባርረዋል። ከዚያ ጀምሮ የውጭ መምህር በጥርጣሬ ይታይ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ ኮፕቶች መካከል እንዲመጡ የተደረገውም ይህንኑ ጥርጣሬ ለማስወገድ ነው።

ሆኖም ሌላ መንገድም ነበር። በሐረር ራስ መኮንን የኦርቶዶክስ እምነታቸውን አጥብቀው እንደ ያዙ ለልጃቸው ለተፈሪ የፈረንሳይኛ ትምህርት የካቶሊኩን ጳጳስ የአባ እንድርያስን፣ በትውልድ ስማቸው የሙሴ ዣሮሶን፣ እርዳታ ጠይቀዋል። ያ ልጅ አድጎ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ከፈተ። ንጉሠ ነገሥት ከሆነም በኋላ በ1945 እ.ኤ.አ. ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ትምህርት ቤቱን እንዲያስተዳድሩ አደረገ። የመጡትም በውል ነው፤ ልብሰ ክህነታቸውን አውልቀው እንደ ማንኛውም መምህር ኮትና ሱሪ ለብሰው ሊያስተምሩ፣ ማንንም ተማሪ ከእምነቱ ላያወጡ ተስማምተዋል። ከእነርሱም አንዱ የነበሩት ሉስየን ማት በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነዋል። ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በሰይፍ የተባረረው ማኅበር በጠመኔ ተመለሰ፤ የመለሰውም ሁለቱም ወገን አንድ ነገር መተዉ ነው። አስተናጋጁ ጥርጣሬውን፣ እንግዳው ቀሚሱን ተወ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ሕጉ ይህን ያህል ይጠብቃል። ከዚያ ያለፈውን የሚጠብቀው ጨዋነት ነው። ዛሬ የኦርቶዶክሱ ልጅ በጾም ቀን የጾም ምሳውን ሲከፍት ማንም የማይሥቅበት፣ የሙስሊሙ ልጅ በረመዳን ሲጾም በስፖርት ሜዳ የማይገደድበት ቤት ከሆነ የአስተናጋጁ ቃል ተጠብቆአል። ወላጁም በበኩሉ ለመግቢያ ሲል ያልሆነውን ነኝ አለማለት፣ ልጁ ከገባም በኋላ የተቀበሉትን ሰዎች እምነት በቤቱ እየነቀፈ አለማሳደግ የእንግዳ ግዴታው ነው።

ከእምነቱ ይልቅ ዛሬ የሚከብደው የቋንቋው ነገር ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በዋናነት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ይሰጣል። በአዲስ አበባ ግን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው በአማርኛ ሲሰጥ ኖሮአል፤ ወላጁ የሚመኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛን ነው። ከሱሉልታ ሜዳ የሚነሣ፣ በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሕፃን በአንድ ማለዳ ሁለት የቋንቋ ድንበር ይሻገራል። ይህ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ ብዙ ቋንቋ ያለው ልጅ ሀብታም ነው። ጉዳት የሚሆነው አዲሱ የተገኘው የቀድሞው ተጥሎ እንደ ሆነ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። የወንድሞች ማኅበር መሥራች ደ ላ ሳል በዘመኑ ልጆች ማንበብን በላቲን የመጀመራቸውን ልማድ ትቶ በአፍ መፍቻቸው በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ ማድረጉ ለዚህ ዘመን ወላጅ የሚነግረው ነገር አለ። ልጅ ከአያቱ ጋር የማይነጋገርበት ትምህርት ሙሉ ትምህርት ሊባል አይገባም።

ከሁሉ የረቀቀው እንግድነት ግን የኑሮ ልዩነት የሚያመጣው ነው። ማንም በቃል ሳይነግረው ልጁ የጓደኞቹን ምሳ ዕቃ፣ ጫማ፣ የሚያደርሳቸውን መኪና ያያል። አንድ ቀን አባቱ የሱሉልታን ጭቃ በጫማው ይዞ ከደጅ ቆሞ ሲጠብቀው ያየዋል፤ ያፍርበታል። ይህ እፍረት በየትኛውም የፈተና ውጤት መዝገብ አይጻፍም። ነገር ግን አንድ መለኪያ አለው። ልጁ የትምህርት ቤት ጓደኛውን ወደ ቤቱ ጋብዞ ያውቃልን? ጋብዞ ካላወቀ፣ አንድ ልጅ ሁለት ሆኖ እያደገ ነው፤ ወላጁም ለዚህ ዓይኑን ሊከፍት ይገባል።

፬. ዕዳው

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የሚያመለክተው ምርጫው ስሕተት ነው ወደ ማለት አይደለም። ወላጅ ለልጁ የተሻለውን መሻቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ በዚህ የሚወቅሰው ፈራጅ ራሱ ልጅ የሌለው ወይም ልጁን አስቀድሞ ያስገባ ነው። ጥያቄው ከምርጫው በኋላ የሚመጣው ነው።

ከምርጫው በኋላ የቀረው የጎረቤት ልጅ አለ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ክፍሉ የታጨቀ፣ መጽሐፉ ያነሰ ነው ተብሎ ሲተው ከትምህርት ቤቱ የሚጎድለው አንድ ተማሪ ብቻ አይደለም። የሚጠይቅ ወላጅ ይጎድላል። በወላጆች ስብሰባ ላይ እጁን አንሥቶ «መምህሩ ለምን ቀረ? የውሃው ቧንቧ ለምን አልተጠገነም?» የሚለው፣ ደብዳቤ መጻፍ የሚያውቀው፣ ከኃላፊ ፊት የማይፈራው ሰው ልጁን ይዞ ሲሄድ ድምፁንም ይዞ ይሄዳል። ትምህርት ቤቱም ከቀድሞው ይበልጥ ይደክማል፤ ድካሙም ለሚቀጥለው ወላጅ የመሄጃ ምክንያት ይሆናል።

ይህን አዙሪት በአዋጅ ለመስበር የሞከሩ አሉ። ጁሊየስ ኔሬሬ ከኤድንብራ ተመልሶ ከዳሬሰላም ወጣ ብላ በምትገኘው በፑጉ የቅዱስ ፍራንሲስ የካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ለአገሩ ነጻነት ትግል ሲል ሥራውን ለቀቀ። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላም፣ ራሱ ካቶሊክ ሆኖ ሳለ፣ በ1960ዎቹ ማብቂያ እ.ኤ.አ. የሚስዮን ትምህርት ቤቶች ወደ መንግሥት ይዞታ እንዲዛወሩና ሃይማኖት ሳይለዩ ሁሉን እንዲቀበሉ አደረገ። በኢትዮጵያም ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የግል ትምህርት ቤቶችን ወደ ሕዝብ ይዞታ ያዛወረ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ትምህርት ቤት እንደ ገና ተስፋፍቶአል። ከሁለቱም ታሪክ አንድ ነገር መረዳት ይቻላል። አዋጅ ደጅን ሊያሰፋ ይችላል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ሥርዓትን፣ ትዕግሥትንና መሰጠትን ግን አዋጅ አይወርስም። እነዚህ ከሰው ወደ ሰው እንጂ ከመዝገብ ወደ መዝገብ አይተላለፉም።

የሚተላለፉበት መንገድ እንግዲህ ዕዳውን በማወቅ ነው። ሰበታ ለዚህ የቅርብ ምሳሌ አላት። ዛሬ ልጆቿን ወደ አዲስ አበባ የምትልከው ይህች ከተማ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ ከሩቅ አገር የመጡ ዓይነ ስውራን ልጆችን ስትቀበል ኖራለች። የሰው ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃለች። ያ ልማድ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ተወስኖ መቅረት የለበትም።

ስለዚህ ዕጣ የደረሰው ወላጅ እንደ ዕቁብተኛ ያስብ። ወስጃለሁ፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አባል እከፍላለሁ ይበል። ክፍያውም በእጁ ያለ ነው። ልጁ በሌለበት በሰፈሩ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ይገኝ፤ ልጁ የጨረሰውን መጽሐፍ ለጎረቤቱ ልጅ ያውስ፤ በትምህርት ቤቱ ያየውን መልካም ልማድ ለሰፈሩ ርእሰ መምህር ይንገር። መምህሩም ዝናው የጎላውን ትምህርት ቤት በቅናት ከማየት ይልቅ ሥርዓቱ በሰዓት ከመገኘትና ደብተር ከማረም እንደሚጀምር፣ ይህም ገንዘብ እንደማይጠይቅ ይወቅ። የሕዝብ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ደግሞ የሚመራው ትምህርት ቤት ለሌላው ልጅ ይበቃል እያለ የራሱን ልጅ ለምን እንዳላስገባበት ራሱን ይጠይቅ። የኪነ ጥበብ ሰው ፈንታም አለ። በማለዳ በአስኮ መንገድ ላይ የሚያንቀላፋውን ሕፃን ሥዕልም ቲያትርም እንዲያየው ማድረግ የእርሱ ድርሻ ነው።

የቡራዩው አባት ያን ምሽት ባልደረባው ያለውን ለሚስቱ ነገራት። እርስዋም ሽንኩርቷን መክተፉን ሳታቋርጥ፣ «ለቤታችን ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም በጠራ ነበር፤ የጠራው አንዱን በስሙ ነው» አለችው። ሌላ ክርክር አልነበረም። በመስከረም ዕጣ የወጣለት ልጅ በገዛ ስሙ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ሁለተኛውም በገዛ ስሙ ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ሄደ። አባትየው በሰፈሩ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ገባ፤ በመጀመሪያው ስብሰባ የጠየቀውም ስለ ውሃው ቧንቧ ነበር። ልጆቹ ፊደል በቆጠሩበት ዓመት፣ ማታ ማታ በአንድ መብራት ሥር ሲቀመጡ አንዱ ለወንድሙ ሀ ሁን ያሳየዋል፤ ሌላው ቁቤን ያስቆጥረዋል። የተሳሳተውን ሌላው ያርመዋል።